ቁልፉ ሮም የቀረ ስልክ

ሀዋሳ፣ ጥቅምት 4 ቀን 2007 ዓ.ም.

ይድረስ ለአክስቴ ልጅ ለአስካለ፣ ሮም

ከሁሉ አስቀድሞ የሀዋሳው ገብርኤል ባለሽበት በክንፉ ይከልልሽ። እንዴት ከረምሽ? ቢሮሽስ እንዴት ነው? እኛ ጤና ነን። ወልደአማኑኤል ጡረታ ከወጣ ወዲህ በረንዳ ላይ ቁጭ ብሎ ከሬዲዮው ጋር ይጣላል፤ እኔም ባህል አዳራሽ ጀርባ ባለችው ስፌት ቤቴ ከመኪናዬ ጋር እንደተፋጠጥኩ አለሁ። በስልክ ስናወራ ግማሹን ኔትወርክ፣ ግማሹን ያንቺ ጥድፊያ ይበላዋል። ወረቀት ግን «ቆይ ሰው መጣብኝ» ብሎ አይዘጋም፤ ስለዚህ እንደ ድሮው ልጻፍልሽ ብዬ ነው።

የላክሽው አይፎን ደርሶናል። ያመጣችው ሴትዮ በሦስት ካልሲ ደራርባ ጠቅልላው ስታወጣው የቤተ ክርስቲያን ንዋየ ቅድሳት መስሎኝ ልሳለመው ነበር። ፍሬሕይወት ልጄ ይኸው ሳምንቷ፣ ታቅፋው ትተኛለች። መቼም «ሮም አምጥቼ አስተምራታለሁ» ካልሽ ወዲህ ሆቴሏ እንግዳ መቀበያው ላይ በእግሯ ትቆማለች እንጂ ልቧ አንቺ ዘንድ ነው፤ ስልኩ ሲጨመርበት ጭራሽ መሬት መርገጥ ተወች። እግዜር ይስጥልኝ። አንድ ልጅ ናት ያለችኝ፤ ይህን አንቺም ታውቂያለሽ።

አሁን ግን ሳትቀየሚኝ ስለ ስልኩ ትንሽ ልናገር። ዋጋውን ሰምቼ ደነገጥኩና ምን ቢሠራ ነው ብዬ ቀረብ ብዬ አየሁት። ሚሞሪ እንኳ አይቀበልም። እዚህ መዝሙር ሲያምረን ሚሞሪያችንን ነቅለን ኩማ ዘንድ ነው የምንሄደው፤ እሱ ይሞላልናል። ኩማ ከሱቄ ጎን ሞባይል የሚጠግን፣ ሳቁም ጸሎቱም ከአፉ የማይጠፋ ሰው ነው። ስልኩን አገላብጦ አገላብጦ «እትዬ ሙሉ፣ ይኼ አፍ የለውም» አለኝ። «ታዲያ በምን ይበላል?» ብለው፣ «የሠሩት ሰዎች ካላጎረሱት አይበላም» አለ። ብሉቱዝ አለኝ ይላል፣ ከኔ ስልክ ጋር ግን አይነጋገርም። የጎረቤታችን የሶፍያ ልጅ ያገባች ጊዜ የሰርጉን ፎቶ እዚያው ድንኳን ውስጥ በብሉቱዝ ስንቀባበል፣ የኔ ልጅ ብቻ ባሕር ያቋረጠ ስልክ ይዛ እንደ ጾመኛ የሰው አፍ ስታይ ዋለች።

የኔ የቻይና አንድሮይድ፣ ያ የምትንቂው፣ ሁለት ሲም ይይዛል፤ ጀርባው ይከፈታል፤ ባትሪው ሲደክም አውጥቼ ሌላ እከትበታለሁ። እኔ ልብስ ስሰፋ ከውስጥ በኩል ትርፍ ጨርቅ እተዋለሁ፤ ሰውየው ሲወፍር ይለቀቅለታል። ያንቺ ስልክ ትርፍ ጨርቅ ያልተተወለት ልብስ ነው። ሲጠብሽ ሌላ ግዢ ነው የሚልሽ። ያንን ይዞ ፒያሳ ላይ መንጎራደድ፣ ፈረስ ሳይኖር የብር ልጓም ይዞ ገበያ መውጣት ነው የሚመስለኝ።

እንግዲህ ቀልዴን ነው። ቁም ነገሩ፣ የትምህርት ቤቱን ስም ጻፊልኝ። ወልደአማኑኤል «ምንድነው የምትማረው?» ይለኛል፤ እኔም «ሮም» እለዋለሁ።

እህትሽ ሙሉጌጥ

ሮም፣ ኖቬምበር 20 ቀን 2014

ለእትዬ ሙሉጌጥ፣

ቸሩ አምላክ ዕድሜና ማስተዋል ይስጥሽ። ዕድሜውን ሰጥቶሻል፤ የቀረውን ነው የምለምንልሽ።

ደብዳቤሽን አውቶቡስ ላይ ሳነብ ብቻዬን ስቄ ሰው ሁሉ ዘወር ብሎ አየኝ። ሚሞሪ! እዚህ እንዲህ ያለ ነገር የሚያነሳ ሰው የቀረ አይመስለኝም። ደግሞ ድንኳን ውስጥ ተኮልኩሎ ፎቶ መቀባበል፣ እጅ ለእጅ፣ እንደ ቆሎ! አይፎኑ ዝም ያለው የሚያነጋግረው ቢያጣ ነው።

እናንተ አገር ምርጫ የሚባለው ርካሹን አንስቶ መሮጥ ነው። መደርደሪያው ላይ መቶ ዓይነት የቻይና ስልክ ተደርድሮ፣ ሁሉም አንድሮይድ፣ ሁሉም እንደዚያው፣ እናንተ ግን «ምርጫ አለን» ትላላችሁ። እዚህ ሰው አንዴ ይመርጣል፤ ከዚያ በኋላ ያርፋል። የቀረውን እነሱ ያስቡለታል። እኔ ስልኬን ካፌ ጠረጴዛ ላይ ሳስቀምጠው የአስተናጋጁ አነጋገር ይለወጣል። ያንቺን ዓይነት ያስቀመጠ አበሻ ግን ገና ሳይጠጣ ሒሳብ ይጠየቃል። ይህ ላንቺ ኩራት ይመስልሻል። ኑሮ ነው እትዬ፣ ኑሮ።

ያ ኩማ የምትዪው ሰውዬ እንዳይነካው። በገዛ ስሜ፣ በገዛ ባንክ ካርዴ ከፍቼ ነው የላክሁት፤ እናንተ ካርድ ከየት ታመጣላችሁ ብዬ። እንዳለ ትጠቀምበት። ስሙንም የይለፍ ቃሉንም እንዳትነካኩ።

ሌላው፣ ሳሎን የሰቀልሽውን ቢጫ መጋረጃ አውርጂው፤ ቤቱን ሽንኩርት መሸጫ አስመሰልሽው። ጋሼም ያንን ክርኑ የተቀደደ ሹራብ ይጣሉት። ለፍሬሕይወትም ንገሪያት፤ ሐይቅ ዳር ከዚያ ጺማም ጎረምሳ ጋር ትከሻ ለትከሻ መቀመጥ ሮም ለምትመጣ ልጅ አይሆንም።

ትምህርቱን ለኔ ተዪው። ፓስፖርቷን ታውጣና ኮፒውን ላኪልኝ።

አስካለ

ሀዋሳ፣ ታኅሣሥ 22 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለአስካለ፣

እንኳን ለገብርኤል በዓል አደረሰሽ። ዘንድሮ የንግሡ ሕዝብ እስከ ሐይቁ ዳር ሞልቶ ነበር። ማስተዋል እንዲሰጠኝ ስለጸለይሽልኝ አመሰግናለሁ፤ እኔም ትሕትና እንዲሰጥሽ ሻማ አብርቼልሻለሁ። ትልቁን ነው የገዛሁት።

ግን እስቲ ንገሪኝ፣ ማነው ወሬ የሚያቀብልሽ? መጋረጃውን የሰቀልኩት በመስቀል ማግስት ነው፤ ለማንም አልጻፍኩም። የወልደአማኑኤልን ክርን ከበረንዳችን ወዲያ ያየው የለም። ጎረቤት ነው ብዬ ጠረጠርኩ፤ ከጎረቤት ደግሞ ጣሊያን ዘመድ ያላት ሶፍያ ብቻ ናት። እድር ላይ ሰላም ስትለኝ ፊቴን አዞርኩባት። «ሙሉ፣ ምን ሆነሽ ነው?» አለችኝ። «መጋረጃዬን ጠይቂው» አልኳት። ሃያ ዓመት ቅቤ አብረን ስንገዛ የኖርን ሰዎች ይኸው ሦስት ሳምንት ተኳርፈን አለን። ሴትዮዋ ደግሞ የዋህ ናት፤ ሁለት ጊዜ መጥታ መጋረጃዬን አየችው፣ «ምንም አልሆነም እኮ» አለችኝ።

ጺማም ያልሽው ባህሩ ይባላል፤ ሆቴሉ ውስጥ ሒሳብ ክፍል ነው የሚሠራው። «ጓደኛዬ ነው» ብላኛለች። ጺሙንም አይቼዋለሁ፣ ንጹሕ ነው።

ስለ ምርጫ የጻፍሽውን ለወልደአማኑኤል አነበብኩለት። «አንዴ መርጦ ማረፍማ እኛም እናውቅበታለን። እንዲያውም እኛ ሳንመርጥ ነው የምናርፈው» አለና ሬዲዮውን በአገጩ ጠቆመኝ። ዘንድሮ የምርጫ ዓመት አይደል፤ ቀበሌዎች ካርድ ውሰዱ እያሉ በር እያንኳኩ ነው። ኩማን ግን አትናቂው። ደንበኛ ሲመጣበት አምስት ስልክ ፊቱ ይደረድርና «የዚህ ካሜራው ደካማ ነው፤ ያኛው ደግሞ ቶሎ ይግላል» እያለ የገዛ ዕቃውን ጉድለት ይናገራል። ሰውየው ራሱን እየነቀነቀ፣ እየተከራከረ፣ አንዱን ትቶ አንዱን እያነሳ ይመርጣል። ስልክ አይተው ከሚያከብሩሽ ካፌዎች ይልቅ ሰው የሚከበረው እዚያች ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ነው።

ፓስፖርቷ ወጥቷል፤ ኮፒው ከዚህ ጋር አለ። ለሆቴሉም «ከፋሲካ በኋላ እለቃለሁ» ብላ ደብዳቤ አስገብታለች። ይህን ሥራ ስንት ሰው ለምኖ እንዳጣው ታውቂያለሽ፤ አንቺን አምና ነው የምትለቀው። ደግሞ የትምህርት ቤቱን ስም ሳትጽፊልኝ ቀረሽ። ስም ብቻ እኮ ነው የጠየቅሁሽ።

እህትሽ ሙሉጌጥ

ሮም፣ ማርች 9 ቀን 2015

ለእትዬ ሙሉጌጥ፣

ጌታ ትዕግሥቴን ያብዛልኝ፤ ላንቺ በጻፍኩ ቁጥር እያለቀብኝ ነው። ዘገየሽ አትበዪኝ፣ ቢሮ ሥራ በዝቶብኝ ነው።

ትምህርት ቤት፣ ትምህርት ቤት! እዚህ ትምህርት ማለት ዩኒፎርም ለብሶ ደወል መጠበቅ መስሎሽ ከሆነ ተሳስተሻል። መጀመሪያ ቋንቋውን ቤት ውስጥ ትለምዳለች። ቤት ውስጥ የሚለመድ ብዙ ነገር አለ።

አሁን የምፈልገው የጤና ምርመራ ወረቀት ነው፣ በተለይ የሳንባ። ወገቧን ታማ ታውቃለች? ከበድ ያለ ነገር ማንሳትስ ትችላለች? እንቅልፏስ እንዴት ነው፣ ሲጠሯት ቶሎ ትነቃለች? የትከሻዋን፣ የወገቧንና የቁመቷን ልክ ንገሪኝ፤ ልብስ ላሰፋላት ነው። አንቺ እንዳትሰፊላት፤ ያንቺ ስፌት እዚህ አይለበስም።

ያቺ ሱቅሽ ውስጥ ያለችው የተሰነጠቀች መስታወት ደግሞ ምንድናት? ደንበኛ ፊቱን ለሁለት ተከፍሎ እያየ እንዴት ይመለሳል?

አስካለ

ሀዋሳ፣ ሚያዝያ 8 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለአስካለ፣

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰሽ። ይህን ደብዳቤ በሕማማት ጀምሬው ነበር፤ ቃሎቼ የጾም አልሆን ቢሉኝ ፍስክ እስኪገባ ተውኩት።

ወሬ አቀባይሽን አገኘሁት። ስልኩ ራሱ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፍሬሕይወት «ስልኬ ሞላ፤ ከስልኩ ጋር የመጡት ሥዕሎች አልጠፋ አሉኝ» ብላ ኩማ ዘንድ ወሰደችው። ገና ሲመጣ የፏፏቴና የጉልላት ፎቶ ነበረበት፤ እኛ ፋብሪካው እንደ ቀን መቁጠሪያ ያስገባው ሥዕል መስሎን ነበር። ኩማ መነጽሩን አጠለቀና አየ፣ አየ፣ «ይኼ ከፋብሪካ አልመጣም። ይኼኛው የዛሬ ሳምንት ነው የተነሳው» አለ። «ማን አነሳው?» አልኩት። «ባለቤቲቱ» አለኝ። ከዚያ አስረዳን። ስልኩ በአንቺ ስም ስለተከፈተ ለኩባንያው አንቺና ልጄ አንድ ሰው ናችሁ። ፍሬ የሆቴሉን ዋይፋይ ባገኘች ቁጥር እሷ ያነሳችው አንቺ ዘንድ ይሄዳል፣ አንቺ ያነሳሽውም እኛ ዘንድ ይመጣል። «እትዬ ሙሉ፣ ይኼ ስልክ ቤት ቢሆን ቁልፉ ሮም ነው የቀረው» አለኝ።

እና መጋረጃዬን፣ የባሌን ክርን፣ መስታወቴን አንድ በአንድ ስታዪ ከርመሻል። ያንቺም ወደዚህ እንደሚመጣ ግን ሐሳብሽ ውስጥ አልገባም። የሚታየው የድሃ ቤት ብቻ መስሎሽ ነበር።

ሱቄን ዘግቼ ሦስታችን አየነው። በመጸዳጃ ቤትና በአንዲት አሮጊት ክፍል መካከል፣ ኮሪደር ላይ የተዘረጋች ታጣፊ አልጋ። ራስጌዋ ላይ «ፍሬ» የሚል ወረቀት ለጥፈሽባታል። ቀጥሎ አንገቱ ነጭ የሆነ ሰማያዊ ሽርጥ፣ ሜትር ተዘርግቶበት። የወገቡን ቁጥር ሳየው በስልክ የነገርኩሽ የልጄ ልክ ነው። እኔ እኮ ቀሚስ መስሎኝ፣ ሞኟ፣ ሁለቴ ለክቼ ነው የነገርኩሽ! ከዚያ ግድግዳ ላይ የለጠፍሽው ወረቀት፤ ጽሕፈትሽን ማን ያጣዋል? ሲኞራ የምትያት አሮጊቷን መሆን አለበት። «ጠዋት 12 ሰዓት ሲኞራን ማገላበጥና ማጠብ። 2 ሰዓት መድኃኒት። 3 ሰዓት ወለል። ሌሊት 6 ሰዓት ማገላበጥ። ሌሊት 9 ሰዓት ማገላበጥ። እሑድ፣ ሲኞራ ከተኛች፣ ቤተ ክርስቲያን።» ትምህርት የሚል ፈለግሁ። በጣቴ እያሰፋሁ ጥግ ጥጉን ሁሉ ፈለግሁ።

የመጨረሻዋ አሳንሰር ውስጥ መስታወት ፊት ራስሽን ያነሳሽው ናት። ያንን ሰማያዊ ሽርጥ ለብሰሻል። ጀርባሽ ጎብጧል። ልጄ «እማ፣ አክስቴ ቢሮ አልነበረችም እንዴ?» አለችኝ። ኩማ ስልኩን ደፍቶ አስቀመጠና ወጣ።

አስካለ፣ በሽተኛ ማገላበጥ ነውር አይደለም። እናትሽን ሁለት ዓመት ያገላበጥኳት እኔ ነኝ። አንቺ «ቢሮ አልለቅ አሉኝ» ብለሽ ለቀብሯ ስትቀሪ እንኳ አልተቀየምኩሽም፤ ለለቀስተኛው ሁሉ «ትልቅ ሥራ ላይ ናት» እያልኩ ስምሽን ስጠብቅ ነው የዋልኩት። የምንቅሽ በሽርጡ አይደለም። በዚያ ሽርጥ ቆመሽ በኔ መጋረጃ ስለሳቅሽ ነው። ልጄን በትምህርት ስም ጠርተሽ ኮሪደር ላይ አልጋ ስላነጠፍሽላት ነው። ምርጫ ምርጫ ትያለሽ፤ አንድ ቀን «ሥራው ይህ ነው፣ ትመጫለሽ ወይስ ትቀሪያለሽ?» ብለሽ ጠይቀሻታል? ኩማ ቻርጀር ሲሸጥ እንኳ ጉድለቱን ይናገራል። አንቺ ሰው ስትወስጂ አልተናገርሽም።

ፍሬሕይወት አትመጣም። የመልቀቂያ ደብዳቤዋን ከአለቃዋ ጠረጴዛ ላይ መልሳ አንስታለች። ስልኩን «አጽዳውና ለሌላ ሰው ይሁን» ብለው ኩማ «ባለቤቲቱ ከስሟ ካላወጣችው ድንጋይ ነው» አለኝ። ስለዚህ ድንጋይሽን በመጣበት ካልሲ ጠቅልዬ ባመጣችው በዚያችው ሴትዮ እጅ ልኬልሻለሁ። ልጄ ከኩማ መደርደሪያ አንድ አንድሮይድ መረጠች። እያነሳች፣ እየመለሰች፣ እየጠየቀች ግማሽ ቀን ፈጀባት። ሥራዬን ትቼ ቁጭ ብዬ አየኋት። ሶፍያንም ይቅርታ ጠይቄያታለሁ፤ ምክንያቱን ግን አልነገርኳትም።

ሙሉጌጥ

ሮም፣ ሜይ 6 ቀን 2015

ለወይዘሮ ሙሉጌጥ፣

ሰላም ለቤትሽ ይሁን። ስልኩ ደርሶኛል።

ሱቅ ዘግቶ የሰው ገመና መመልከት ሌብነት ነው። በስሜ የከፈትኩት ስልክ ውስጥ የገባው ሁሉ የኔ ነው፤ መጋረጃሽም ሳይቀር። ሽንኩርት መሸጫ ያልኩትን አልመልስም፤ ይመስላል።

ከሲኞራ ጋር ሰባት ዓመቴ ነው። ከአምና ወዲህ ወገቤ አልታዘዝ ብሎኛል። ሌሊት ሳነሳት ጥርሴን ነክሼ ነው። ልጇ «ከቤተሰብሽ የምትተካሽ የታመነች ሰው ካመጣሽ ትሄጃለሽ» አለኝ። ከቤተሰብ ያሉኝ እናንተ ናችሁ። ልጅቷን ልጎዳት አልነበረም። አልጋው ጥሩ አልጋ ነው፤ ሰባት ዓመት ተኝቼበታለሁ።

አንድ ነገር ብቻ መልሺልኝ። ፎቶዎቹን ማን ማን አየ? ጋሼ አይተዋል? ሶፍያስ? ሰው ከጠየቀሽ ቢሮ ናት በዪ።

አስካለ

ሀዋሳ፣ ሰኔ 2 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለአስካለ፣

እግዚአብሔር ወገብሽን ይዳብስልሽ።

ያየነው ሦስታችን ብቻ ነን። ኩማ «የሰው ጓዳ አላየሁም» ብሏል፤ እሱ ካለ አለ ነው። ወልደአማኑኤል ምንም አያውቅም፤ «ቪዛው አልሆነም» ብዬዋለሁ፤ ይኸው ሬዲዮውን ትቶ ከጣሊያን ጋር ተጣልቷል። ለሶፍያ ቢሮሽ ትልቅ ነው ብያታለሁ። «ስንት ፎቅ ነው?» ስትለኝ «አሳንሰር አለው» አልኳት። እሱ እንኳ ውሸት አይደለም።

አልደብቅሽም፣ ንቀቴ አልወጣልኝም። ወገብሽን ሳስብ ይለሳለሳል፤ ደብዳቤሽን መልሼ ሳነበው፣ ያንን «ይመስላል» ያልሽውን፣ እንደገና ይነሳብኛል። በዚያ ስቃይ ውስጥ ሆነሽም አፍሽ አላረፈም።

ግን ሌላ ነገር ተፈጠረ፤ እሱን ልንገርሽ። ደብዳቤሽ ሲደርስ የሰው ሱሪ እያሳጠርኩ ነበርና «አንብቢልኝ» ብዬ ለፍሬ ሰጠኋት። ጮክ ብላ ጀመረች። ሰባት ዓመት የሚለው ጋ ስትደርስ ድምጿ ዝቅ አለ። ጨርሳ አጣጥፋ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

«እማ» አለች፣ «አክስቴ መጀመሪያውኑ ‹ወገቤን አመመኝ፣ ነይና ተኪኝ› ብትለኝ እኮ እሄድ ነበር።»

«ኮሪደር ላይ?»

«ኮሪደርም ቢሆን። እሷ ሰባት ዓመት ተኝታበት የለ? እንዲያውም አሁንም...» አለችና ተወችው።

መርፌው ጣቴ ውስጥ ገባ። የሰውየው ሱሪ ደም ነካው፤ አጥቤ ነው የሰጠሁት።

ፓስፖርቷ ቁም ሳጥኗ ውስጥ ነበር፤ አሁን እኔ ዘንድ ነው። የት እንዳስቀመጥኩት እሷም አታውቅም። ውሸትሽን ስረግም ከርሜ፣ ልጄን ያስቀረልኝ እሱ ኖሯል። እንግዲህ አስካለ፣ ስለ ካፌው ጻፊ፣ ስለ አስተናጋጁ ጻፊ፣ ሲያሰኝሽ ሳቂብን። ለልጄ ግን ስለ ወገብሽ አንዲት ቃል እንዳትጽፊ።

ሙሉጌጥ